«እኔ» ከሌለሁ ማን ነው የሚያገባው?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። ስሜ ይቆይ። 32 ዓመቴ ነው፣ ቴክሳስ ውስጥ ነርስ ነኝ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሌሊት ተረኛ። ያደግሁት ጎንደር ነው፤ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ ነበርኩ። የሥራው ጫና ሲበዛብኝ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ አሥር ቀን ሙሉ ዝም ተብሎ ስለሚገባበት፣ ከቡድሂዝም ስለመጣው የቪፓሳና ማሰላሰል ነገረችኝና ሄድኩ። በሰባተኛው ቀን ቁጭ ብዬ ሳለሁ የሰውነቴ ድንበር ጠፋብኝ። እጄ የት እንደሚያልቅ፣ አየሩ ከየት እንደሚጀምር አላውቅም። ከዚያ «እኔ» የምለው ነገር ራሱ ጠፋ። ማየት አለ፣ መስማት አለ፤ የሚያይና የሚሰማ ግን የለም። ለማላውቃቸው ሰዎች ሳይቀር ፍቅር ሞላኝና አለቀስኩ።

ከወጣሁ ሁለት ወር ሆነኝ። አሁን ያለሁበት ሌላ ነው። ራሴን ከውጭ ሆኜ የማይ ይመስለኛል። መርፌ ስወጋ እጁ የእኔ አይመስለኝም። በሽተኛ ሲያቃስት እንደ ድሮው አንጀቴን አይበላኝም። የምተኛው ሦስት አራት ሰዓት ብቻ ነው። እጮኛዬ «የት ነው ያለሽው?» ይለኛል። ሠርጋችን ከፋሲካ በኋላ ነው። እኔ ግን ቀለበቱንም ሥራውንም ትቼ ለወራት የሚቆይ ማሰላሰል ልግባ እያልኩ ነው። እውነቱን ካየሁት፣ «እኔ» የሚባል ከሌለ፣ ማን ነው የሚያገባው? ለእናቴ በስልክ ስነግራት «ልጄ፣ ባዕድ መንፈስ ነው የተጠጋሽ፣ ጠበል ግቢ» ብላ አለቀሰች። ያየሁት ምንድን ነው? ኃጢአት ነው ወይስ ጸጋ? ምን ላድርግ?

መልስ

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽ ውስጥ ሁለት ነገር አለ፤ አንቺ ግን እንደ አንድ አድርገሽ ነው የጻፍሽው። አንዱ በሰባተኛው ቀን የሆነው ነው። ሌላው ከዚያ ወዲህ ሁለት ወር ሙሉ እየሆነ ያለው ነው። በመጀመሪያው ለማታውቂው ሰው ሁሉ ፍቅር ሞልቶሽ አልቅሰሻል። በሁለተኛው ታማሚ ሲያቃስት ልብሽ አይነካም። ሁለቱም ጋ «እኔ የለሁም» የሚል ስሜት ስላለ አንዱ የሌላው ቀጣይ መስሎሻል። ለእኔ አይመስለኝም። ከዚህ በታች የምልሽ ሁሉ የሚነሣው ከዚህ ነው።

አስቸኳዩን ላስቀድም። ራስን ከውጭ ሆኖ ማየት፣ እጅ የራስ አልመስል ማለት፣ ስሜት መደንዘዝ፣ እነዚህ ሐኪሞች ዲፐርሶናላይዜሽን የሚሉት ነገር ምልክቶች ናቸው። ነርስ ነሽና ስሙ አዲስ አይሆንብሽም። እብደት አይደለም። ያጋጠመው ሰው ነገሩ እንግዳ መሆኑን ራሱ ያውቀዋል፤ አንቺም ስላወቅሽው ነው የጻፍሽልኝ። ከባድ ጭንቀት ያመጣዋል፣ እንቅልፍ ማጣት ያብሰዋል፣ ረጅም ማሰላሰልም ሊቀሰቅሰው ይችላል። ያኔ ብራውን ዩኒቨርሲቲ ይሠሩ የነበሩት ዊሎቢ ብሪተንና ጃሬድ ሊንዳል ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጡት ጥናት አለ። ምዕራቡ ዓለም ውስጥ በቡድሂዝም መንገድ የሚያሰላስሉ ሰዎችን ስለ አስቸጋሪ ገጠመኞቻቸው ጠይቀዋል። ከሰሟቸው ነገሮች አንዱ ይኸው «ራስ» የሚባለው ስሜት መለወጡ ነው። ለአንዱ እፎይታ ሆኖለታል። ሌላውን ደግሞ አስፈርቶታል፣ ከሥራና ከኑሮ አስተጓጉሎታል። ስለዚህ የመጀመሪያዋ አይደለሽም፣ ብቻሽንም አይደለሽም።

በዚህ ሳምንት ሐኪም ቀጠሮ ያዢ። አፍረሽ ምንም አትደብቂ፤ አሥሩን ቀን፣ እንቅልፉን፣ የእጅሽን ነገር፣ ሁሉንም ንገሪው። ለጊዜው ከሌሊት ተራ እንዲያወጡሽ ጠይቂ። እጅሽ የአንቺ አልመስል ባለሽ ሰዓት መድኃኒት ስትሰጪ መጠኑን ከአጠገብሽ ካለ ሰው ጋር አመሳክሪ፤ ይህ ለታማሚውም ላንቺም ነው። ረጅም ማሰላሰሉን አሁን አቁሚው። በእሱ ፋንታ ተኚ፣ ትኩስ ምግብ ብዪ፣ በእግርሽ ሂጂ፣ ከሰው ጋር ቁጭ ብለሽ አውሪ። ለተከታታይ ሌሊቶች ጨርሶ እንቅልፍ ከጠፋ፣ ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ ከሰማሽ፣ ወይም ስለ ሞት ማሰብ ከመጣብሽ ግን ቀጠሮ አትጠብቂ። ያኔውኑ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ ወይም 988 ደውዪ፤ አሜሪካ ውስጥ እንዲህ ላለ ጭንቅ የተዘጋጀ የስልክ መስመር ነው።

አሁን ወደ ሰባተኛው ቀን እንመለስ። እሱንም አቅልዬ ማለፍ አልፈልግም፤ ያየሽው ትልቅ ነገር ነው።

መጀመሪያ እንዴት እንደመጣ እንይ። የገባሽበት ሥርዓት በርማ ተወልደው ያደጉት ኤስ ኤን ጎይንካ እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ ሕንድ ውስጥ ያስተማሩት ነው፤ በዓለም ላይ ያስፋፉትም እሳቸው ናቸው። ሌሊት አሥር ሰዓት ደወል ይደወላል። በቀን አሥር ሰዓት ያህል ይቀመጣሉ። ሦስቱን ቀን ትንፋሽ ብቻ ይታያል፣ ከአራተኛው ቀን ጀምሮ መላ ሰውነት ከአናት እስከ እግር ጥፍር ይፈተሻል። ወሬ የለም፣ ስልክ የለም፣ መጽሐፍ የለም፣ ዓይን ለዓይን መተያየት እንኳ የለም። አስቢው እስኪ። «እኔ»ን ቀኑን ሙሉ አቁሞ የሚይዘው ምንድን ነው? ሰው ሲጠራን አቤት ማለታችን ነው። ነገ ይህን አደርጋለሁ ማለታችን ነው። ትናንት የተናገረኝን አልረሳለትም ማለታችን ነው። ያ ሁሉ ለቀናት ሲቋረጥ የ«እኔ» ወሬ መላላቱ አያስገርምም። እ.ኤ.አ. በ2011 የዬል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ብዙ ዓመት ያሰላሰሉ ሰዎችን አንጎል በምስል አይተው ነበር። ሐሳብ ወዲያ ወዲህ ሲባዝንና ስለ ራሳችን ስናስብ የሚሠራው የአንጎል ክፍል እነዚህ ሰዎች ላይ ቀዝቀዝ ብሎ ተገኝቷል። ይህ እንዴት እንደሚሆን ትንሽ ያስረዳል። ምን ማለት እንደሆነ ግን አይነግረንም።

የሰውነት ድንበር መጥፋት በዚያው ሥርዓት ውስጥ የታወቀ ነው፤ ባንጋ ይሉታል። ጎይንካም ስለሱ በግልጽ ያስጠነቅቁ ነበር፦ ሲመጣ እይ፣ ሲሄድም እይ፣ ድገምልኝ ብለህ አትሩጥበት። አንቺ ግን ለወራት ልግባ የምትዪው እሱኑ ፍለጋ ይመስለኛል። በዚያ ላይ በዚያው ሥርዓት ረጃጅሞቹ ኮርሶች አንድ ጊዜ ብቻ ለገባ ሰው አይፈቀዱም። ዓመታት የዘለቀ የዕለት ልምምድ ይጠየቃል። ምክንያቱ ገና ከገባ ሰው ስሜት ይልቅ ለቆየ ልምድ ክብደት ስለሚሰጡ ነው።

ምን ነበር ለሚለው ጥያቄሽ አንድ መልስ የለም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው «ሁሉም ሃይማኖት ያው አንድ ነገር ነው የሚለው» ብሎ ያልፋል። እኔ አልስማማበትም። ለሃይማኖቶቹም ክብር አይመስለኝም።

ቡድሃ ቫራናሲ አጠገብ ባለው የአጋዘኖች ጫካ ለአምስት ጓዶቹ ያስተማረው ግልጽ ነው። አካልን፣ ስሜትን፣ ነገሮችን መለየትን፣ የአእምሮ ዝንባሌን፣ ንቃትን ራሱን አንድ በአንድ እያነሣ «ይህ የእኔ አይደለም፣ ይህ እኔ አይደለሁም» በሉ አላቸው። ቋሚ «እኔ» ፈልጋችሁ አታገኙም ነው ነገሩ። ሕንዳዊው ራማና ማሃርሺ ደግሞ ወደ ሌላ ቦታ ነው የደረሰው። እ.ኤ.አ. በ1896 ማዱራይ ከተማ የ16 ዓመት ልጅ ሳለ የሞት ፍርሃት ድንገት ያዘው። መሬት ላይ እንደ ሬሳ ተዘረጋና «የሚሞተው ማን ነው?» ብሎ ራሱን ጠየቀ። ያገኘው መልስ የማይሞት አንድ ታላቅ «እኔ» አለ የሚል ነበር። በአንዱ «እኔ» ፈጽሞ የለም። በሌላው ከ«እኔ» በቀር ምንም የለም። ሁለቱ አንድ ናቸው ማለት ለሁለቱም አለመስማት ነው።

በእስልምና የመንፈስን መንገድ የሚከተሉት ሱፊዎች ፈናእ ይሉታል፤ ባሪያው ጠፍቶ ጌታው ብቻ ሲታይ። «እኔ እውነቱ ነኝ» በሚለው ቃሉ የሚታወቀው አል-ሐላጅ እ.ኤ.አ. በ922 ባግዳድ ውስጥ ተገድሏል። ከእሱ ትንሽ ቀደም ብሎ እዚያው ከተማ ያስተማረው ጁነይድ ግን ነገሩ በመጥፋት አያልቅም ይል ነበር። ከፈናእ በኋላ በቃእ አለ፦ ወደ ራስ ተመልሶ፣ ነቅቶ፣ በሰው መካከል በሥርዓት መኖር። ለጁነይድ ትልቁ ደረጃ ይህ መመለሱ ነው። እኔ ደሴ ስላደግሁ የዚህን መመለስ ነገር በዓይኔ አይቼዋለሁ። ሌሊቱን በመንዙማና በዚክር ራሳቸውን የረሱ ሽማግሌ ሲነጋ የተጣላ ጎረቤት ሊያስታርቁ ዱላቸውን ይዘው ይወጣሉ። ወሎ ውስጥ ሰው ሼኹን የሚያከብራቸው ሌሊት ባዩት ነገር ብቻ አይደለም፤ ቀን በሚሠሩት ነው።

የእኛ አባቶችስ? ይህንን ቤትሽ ውስጥ እያለ ሩቅ አገር ሄደሽ የፈለግሽው ይመስለኛል። ስወቅስሽ አይደለም፤ ሰንበት ትምህርት ቤት ብዙ ጊዜ አይነገረንም። በገዳሞቻችን አሥር ማዕረጋት ይቆጠራሉ። የመጀመሪያው ጽማዌ ነው፣ ዝምታና አርምሞ። ቀጥሎ ልባዌ፣ ማስተዋል ነው፤ ከዚያ ጣዕመ ዝማሬ ይመጣል። ከዚያ አንብዕ፣ እንባ ነው። ከዚያ ኩነኔ፣ ሥጋን ለነፍስ ማስገዛት። ከዚያ ፍቅር። ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው ወደ መጨረሻ አካባቢ ተሰጥሞ የሚመጣው፣ በብርሃን ባሕር ውስጥ መስጠም። ቅደም ተከተሉን እይልኝ። ፍቅር ከመስጠም በፊት ነው ያለው። ሰው ራሱን ከመርሳቱ በፊት ሌላውን መውደድ ለምዶ መገኘት አለበት። እነዚህን ማዕረጋት ያገኘ አባት ደግሞ አያወራም፤ ውዳሴ ከንቱ ይፈራልና ይሰውረዋል።

ቅዱስ ጳውሎስም «እኔም አሁን ሕያው ሆኜ አልኖርም ክርስቶስ ግን በእኔ ይኖራል» ብሏል። እዚያ ላይ ግን አላቆመም። በሥጋ ስለሚኖርበት ኑሮ ይቀጥልና «በወደደኝና ስለ እኔ ራሱን በሰጠው» ይላል። የሚወደድ ሰው አለ ማለት ነው። በክርስትና «እኔ» ራሱን ይሰጣል፤ ወደ ምንምነት አይበተንም። ከቡድሃ ትምህርት ጋር ያለው ልዩነት እዚህ ነው፣ ትልቅ ልዩነትም ነው። አንቺ በሰባተኛው ቀን ያየሽው ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ገጠመኙ ራሱ አይነግርሽም። ሰው ያንኑ ዝምታ አይቶ እንደ እምነቱ ይተረጉመዋል። «እውነቱን ካየሁት» ብለሽ የጻፍሽው ዓረፍተ ነገር ላይ ይህን ያህል አትቸኩዪ። የሆነ ነገር አይተሻል። ትርጉሙን ግን ገና እየፈለግሽ ነው።

የገጠመኙን ምንነት በተመለከተ እንዲህ የተለያዩት ሰዎች፣ ከዚያ በኋላ ምን ይደረግ በሚለው ላይ የሚገርም ያህል ይቀራረባሉ። አንቺን አሁን የሚጠቅምሽም ይኼኛው ነው።

ጳውሎስ እስከ ሦስተኛው ሰማይ ተነጠቀ። «በሥጋ እንደ ሆነ አላውቅም ወይም ከሥጋ ውጭ እንደ ሆነ አላውቅም» ብሎ ሲጽፈው ነገሩ ከሆነ 14 ዓመት አልፎታል። ያን ጊዜ ሁሉ ድንኳን እየሰፋ፣ እየታሰረ፣ እየተገረፈ ሰው ሲያገለግል ነበር። አንቺ ግን ገና በሁለት ወርሽ ሥራሽንም ቀለበትሽንም ልትፈቺ ነው።

ገዳም የገባ ወጣት ሲመነኩስ መገነዣው ይደረግበታል፣ ጸሎተ ፍትሐት ይደገምለታል። በቁሙ ሞተ ማለት ነው። ከዚህ በላይ «እኔ የለሁም» ከየት ይመጣል? ግን ወደዚያ ከመድረሱ በፊት በአመክሮ ዘመኑ ውኃ ሲቀዳ፣ እንጨት ሲለቅም፣ አረጋውያንን ሲያጥብ፣ ሲታዘዝ ነው የኖረው። ከመነኮሰ በኋላም ሥራው አይቀርለትም። እዚያ «እኔ» የሚሞተው ሌላ ሰው ውኃ ጠምቶት ሳለ «አሁንስ ደክሞኛል» የሚለው ድምፅ ሲሸነፍ ነው። አንቺ ደግሞ ሌሊት ሌሊት የምትሠሪው ይህንኑ ሥራ ነው። የማታውቂውን ሰው ታገላብጫለሽ፣ ታጥቢያለሽ፣ ሲፈራ እጁን ትይዢያለሽ። ራስን ስለመርሳት ከተነሣ፣ ያ ክፍል ከማሰላሰያው አዳራሽ ያነሰ ቦታ አይደለም።

እንግዲህ ስለ ሠርጉ። «እኔ ከሌለሁ ማን ነው የሚያገባው?» ብለሽኛል። እኔም ልጠይቅሽ፦ «እኔ» ከሌለሽ፣ ለወራት ዝም ብሎ መቀመጥ የሚፈልገው ማን ነው? «እኔ የለሁም» የሚለው ነገር ለእጮኛሽ ሲሆን ሠርተሽበታል፣ ለራስሽ ፍላጎት ሲሆን ግን አልነካሽውም። ይህ ከክፋት አይደለም። አእምሮ ሲደክመው የሚያሳርፈውን መንገድ ሁሉ እውነት አድርጎ ያቀርባል። ግን ነገሩን ፊት ለፊት እይው።

ቡድሃም እኮ ሚስቱንና አራስ ልጁን ትቶ ሄዷል ትይኝ ይሆናል። አዎ ሄዷል። የሄደው ግን ፍለጋ ሲጀምር ነው። ካገኘው በኋላ ያደረገው ወደ ሰው መመለስ ነው። መጀመሪያ ወደ እነዚያ አምስት ጓዶቹ ሄደ፣ ኋላም አባቱንና ልጁን አገኘ፣ 45 ዓመት ያህል በእግሩ እየዞረ አስተማረ። ኢማም አል-ገዛሊም እ.ኤ.አ. በ1095 የባግዳድ መምህርነቱን ትቶ ወጥቷል። ልሳኑ ተይዞ ማስተማር አቅቶት ነበር። ሲወጣ ግን ለልጆቹ መተዳደሪያ አስቀምጦ ነው፤ ከዓመታት በኋላም ወደ ማስተማሩ ተመልሷል።

ከሁሉ በላይ ግን የራማና እናት ታሪክ ላንቺ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ልጁ ከቤት ጠፍቶ ቲሩቫናማላይ ከተማ ገባ። መጀመሪያ ላይ ቤተ መቅደሱ ውስጥ ተዘፍቆ ሲቀመጥ ተባዮች እግሩን ሲበሉት አያውቅም ነበር። በሕይወት የቆየው ሌሎች እያነሱ እያጎረሱት ነው። እ.ኤ.አ. በ1898 እናቱ ፈልጋ አገኘችው። አለቀሰች፣ ለመነችው፣ አልመጣም አለ። ነገሩ እዚያ አላለቀም። በ1916 እናት መጥታ አብራው መኖር ጀመረች፣ ለእሱና ለተከታዮቹ ታበስል ነበር። በ1922 ስትሞት አጠገቧ ነበር። ዛሬ ሰው ከዓለም ዙሪያ የሚሄድበት ገዳም የተሠራው በእናቱ መቃብር ዙሪያ ነው። «እኔ»ን እስከ መጨረሻው ጠይቆ የመረመረ ሰው እንኳ ከእናቱ አላመለጠም። ባያመልጥም ጥሩ ሆነ።

ስለዚህ ቀለበቱን አሁን አትፍቺ። ለሠርጉም አትጣደፊ። እጮኛሽን አስቀምጪውና ለእኔ የጻፍሽውን ሁሉ ንገሪው፣ «ማን ነው የሚያገባው» የሚለውን ሳይቀር። «የት ነው ያለሽው?» ብሎ ጠይቋል እኮ። ያላየ ሰው አይጠይቅም። ሠርጉን ማዘግየት ካስፈለገ አዘግዩት፤ አዳራሽ ይቀየራል፣ ካርድ ድጋሚ ይታተማል። እንቅልፍሽ ተመልሶ፣ ታማሚ ሲያቃስት ልብሽ መነካት ሲጀምር፣ ያን ጊዜም ይህን ሰው አላገባም ካልሽ ያ ውሳኔ የአንቺ ነው፣ ማንም አይወቅስሽም። ከዚያ በፊት የምትወስኚው ግን የእንቅልፍ እጦቱ ውሳኔ ይሆናል።

ኃጢአት ነው ወይስ ጸጋ ላልሽው እኔ ቄስ አይደለሁም። ወደ ንስሐ አባትሽ ሂጂ። የንስሐ አባት ከሌለሽ ቴክሳስ ውስጥ የኢትዮጵያ አብያተ ክርስቲያናት አሉ፤ ረጋ ብለው የሚሰሙ፣ ቢቻል ገዳም የቆዩ አባት ፈልጊ። የምትጠይቂያቸው አንድ ነገር ይሁን፦ «ዝምታን በእኛ ሥርዓት እንዴት ልለማመድ?» ሁለት መንገድ ቀላቅለሽ አትሂጂ። በቡድሃ መንገድ እሄዳለሁ ካልሽም በቅጡ ተምረሽ፣ የሚያውቅሽ መምህር ይዘሽ ሂጂ። የአሥር ቀኑ ማብቂያ ላይ የሚሰጠው ለፍጥረት ሁሉ ደኅንነትን የመመኘት ልምምድ እንደ ምርቃት የተጨመረ እንዳይመስልሽ። የዘጠኙ ቀን ልፋት ወዴት እንደሚሄድ የሚያሳየው እሱ ነው።

እናትሽን ዛሬ ደውዪላት። ስለ ማሰላሰል አታስረጂያት፣ በስልክ አይሆንም። «እማዬ፣ ሐኪም ጋ ቀጠሮ ይዣለሁ፣ የንስሐ አባቴንም ላነጋግር ነው፣ አንቺም ጸልዪልኝ» በያት። ጠበሉን ከፈለግሽ ግቢ፤ ለአንቺም ለእሷም ይሆናል። የሐኪሙን ቀጠሮ ግን በጠበሉ አትለውጪ፣ እሷም ብትጠይቅሽ «ሁለቱንም ነው» በያት። ስሟን እየጠራች ከምታለቅስ ልጅ ይልቅ እንደምትተኛና እንደምትበላ የምትነግራት ልጅ ናት የምታረጋጋት። ከሐኪሙ ጋር ከተነጋገርሽ በኋላ መልሰሽ ጻፊልኝ፤ የረጅሙን ማሰላሰል ነገር ያኔ እንደገና እናነሣዋለን።